ሳይረፍድ የተነፋ ጥሩንባ

አዛናውን ያወቅኩት እናቱ በጮኹብኝ ቀን ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ነበር። ከወረታ በታች፣ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ያለችው ትምህርት ቤታችን ሁለት ዓመት ተዘግታ ከርማለች። ምክንያቱን የማያውቅ የለም፤ ጮክ ብሎ የሚናገረውም የለም። ርእሰ መምህራችን ጋሽ ክንዴ አንድ ጠዋት አስጠሩኝና፣ «ሰገን፣ ቤት ለቤት ዙሪ» አሉኝ። «እስከ ጳጉሜን ልጆች ካልተመዘገቡ ዘንድሮም በር አንከፍትም። አንቺም ወደ ሌላ ወረዳ ትዛወሪያለሽ።»

መዝገቤን በፌስታል ጠቅልዬ ጭቃውን ተያያዝኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዣለሁ።

የፎገራ ሰው ፊት አይነሳም። ያስቀምጥሻል፣ ጠላ ይቀዳልሻል፣ ስለ ልጁ ስትጠይቂው «መንገድ ሲከፈት» ይላል። ሩዙ አረም ውጦታል፣ ልጁ እዚያ ነው። ደግሞም ትምህርት ቤት የሄደ ወዮለት የሚል ወሬ አለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፣ ግን ተብሏል። ምን ብዬ ልከራከር? እኔም ፈርቻለሁ።

አዛናው ቤት ስደርስ እናቱ ብቻ ነበሩ። እትየ አልጋነሽ ይባላሉ። ጠላ ሊቀዱልኝ ወደ ጓዳ ሲገቡ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ረዥም የቆርቆሮ ጥሩንባ አየሁ። እጄ መቼ አርፎ ይቀመጣል! አውርጄ ከንፈሬ ላይ አደረግኩና እፍ አልኩባት። የጥጃ ማጓራት የመሰለ ነገር ወጣ።

«በስመ አብ! በስመ አብ ወወልድ!» እትየ አልጋነሽ ቅሉን ጥለው ወጡ። «አስቀምጭ! ማንን ልትገድይብኝ ነው በቤቴ?»

ደርቄ ቀረሁ። በበሩ አንድ ወጣት ገባ፤ እስከ ጉልበቱ የሩዝ ማሳ ጭቃ ነው። ጥሩንባዋን ከእጄ ቀስ አድርጎ ተቀበለኝ። ሳቁን እንደያዘ ያስታውቃል።

«እማ፣ ተያት» አለ። «በዚህ ትንፋሽ ሰው አይሞትም።»

የቀበሌው የእድር ጥሩንባ ነፊ እሱ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ሥራ ነው። እዚያ አገር ጥሩንባ ለሞት ብቻ ይነፋል፤ ለሠርግ አይነፋም፣ ለስብሰባ አይነፋም። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ምኑን አውቄ!

ሀፍረቴን ለመሸፈን መዝገቤን አወጣሁ። በቤቱ የሟች እህቱ ልጅ ሰርክ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስሟን መጻፍ አትችልም።

«አስመዝግባት» አልኩት።

«አረም ላይ ናት።»

«ሁላችሁም አረም አረም ትላላችሁ። ሰነፎች!»

ሳቁ ጠፋ። «መምህርት፣ ልጁን ልኮ ሬሳ መቀበል የፈራ ሰው ሰነፍ አይባልም። ያን ሬሳ የማውጀው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደነፋሁ አትጠይቂኝ።»

መዝገቤን ዘጋሁ። ዓይኑ ግን ከዓይኔ አልተነሳም፤ የእኔም እንደዚያው።

«ብቻሽን አትዙሪ» አለ በመጨረሻ። «የዚህ አገር ውሻ ክፉ ነው። እሸኝሻለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ዞርን። ሰበቡ ውሻ ነው። አብረን ደጅ በደረስን ቁጥር ግን ጣጣ ነው፤ ሴቶቹ እሱን ሲያዩ ደረታቸውን ይይዛሉ። «ማን ሞተ? ደጉን ያሰማን!» ይላሉ። እሱ እጁን እያወዛወዘ፣ «ማንም! ማንም አልሞተም! መምህርት ናት!» ይላል። የደነገጠው ሁሉ ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ግን «መንገድ ሲከፈት» ይሉናል።

«ካንተ ጋር ስሄድ ሰው ሁሉ ይርዳል» አልኩት አንድ ቀን በርብ ወንዝ ዳር ስንሄድ።

«ካንቺ ጋር ስሄድ ደግሞ ይስቃል። እኔን አይቶ የሳቀ ሰው አላውቅም ነበር።»

ውሃው ሞልቶ ማሳውን ሸፍኖታል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ብዙ ቆየን። እኔ ዝምታ አልወድም፣ እቤታችን ዝም የሚባለው ሰው ሲጣላ ነው። የዚያን ቀኑን ዝምታ ግን ወደድኩት።

«ሰገን» አለኝ። መምህርት ያላለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «መንገድ ሲከፈት አባትሽ ቤት ሽማግሌ እልካለሁ።»

ልቤ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። አፌ ግን መቼ ይሰንፋል! «ካልተከፈተስ?»

«በእግራቸው ይሄዳሉ። ሽማግሌ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

ሳቅኩ። ሳቄ ሲቆም እጄ በእጁ ውስጥ ነበር። የሩዝ አረም የላጠው እጅ ነው፤ ሻካራ። እስከ ዛሬ የዚያን ያህል የወደድኩት እጅ የለም።

«ትምህርት ቤቱ ካልተከፈተ ያዛውሩኛል» አልኩት።

ዞሮ ወደ ትምህርት ቤቱ አየ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር ጠረጴዛ አውጥቼ ተቀመጥኩ። መዝገቤ ላይ ያሉት ስሞች የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም። ጋሽ ክንዴ አጠገቤ ቆመው ሜዳውን ያያሉ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ጓዜን በሐሳቤ እየሸከፍኩ ነበር።

ያኔ ጥሩንባው ተነፋ።

እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከባንዲራው እንጨት ሥር። አዛናው መቼ እንደገባ አላየሁትም። ረዥም፣ ሆድ የሚያርድ ድምፅ ነው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ነፋው። ሜዳው ሁሉ ቀና አለ። ከየማሳው፣ ከየቤቱ ሰው ጎረፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ወዬ! ወዬ!» እያሉ፣ ልጆቹ ከኋላቸው በጭቃ እየሮጡ መጡ።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተው?»

የእድሩ ዳኛ አያ በላቸው ዘንጋቸውን ተደግፈው ቀረቡ። «አዛናው፣ ሬሳው የታል?»

«ሬሳ የለም፣ አያ።»

ጉድ ፈላ! ዘንጉ ወደ ላይ ተነሳ። አዛናው አልሸሸም። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ጥሩንባዋን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟታል።

«ይምቱኝ፣ ግን ይስሙኝ» አለ። «እኔ የምነፋው ሁልጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። ሰው ካለፈ በኋላ፣ ምንም ማድረግ በማንችልበት ጊዜ፣ ያኔ ሥራችንን ጥለን እንወጣለን። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይወጣላቸው ቀሩ። አንድ ቀን እንኳ ሳይረፍድ ልንፋ ብዬ ነው። ሌላ ጥፋት የለኝም።»

«በጥሩንባ ትቀልዳለህ?» አሉ አያ በላቸው። «ሟርተኛ! ጥሩንባውን ቀሙት!»

ሁለት ጎረምሶች ተጠጉት። ከሴቶቹ መካከል እትየ አገኘሁሽ ወጡ። የበኩር ልጃቸው ንብረት በግንቦት በጥይት ሞቶ ነበር። ያን ጊዜ ደፍሮ የሚሰበሰብ ስላልነበረ ያለ ጥሩንባና ያለ ለቅሶ ነው የተቀበረው። ከዚያ ወዲህ እኒህ ሴት በሰው ፊት ቃል አልተነፈሱም።

«አትንኩት» አሉ። «ለንብረቴ ያልተነፋ ጥሩንባ ነው። ለልጆች ከተነፋ ደግ አደረገ።» የትንሿን ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። «መምህርት፣ ጻፊ። አምሳል ንብረት በይ።»

«የአባቷ ስም ነው የሚጻፈው፣ እትየ።»

«በወንድሟ ስም ጻፊልኝ።»

ጻፍኩ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ገደል ይግባ ደንቡ! ቀና ስል ከእሳቸው ኋላ ሌላ እናት ቆማለች፤ ከእሷም ኋላ ሌላ። እትየ አልጋነሽ ሰርክን ይዘው፣ እኔን ላለማየት ዓይናቸውን ሰብረው ቆመዋል። እስኪመሽ ጻፍኩ።

አያ በላቸው ሽማግሎቹን ዋርካው ሥር ሰብስበው ፈረዱ። «ቅጣትህ ይህ ነው» አሉት። «ትምህርት በሚከፈትበት ሰኞ ጠዋት አንተው ትነፋለህ። ሕዝቡም ይስማ! በዚያ ቀን ጥሩንባ ብትሰሙ የትምህርት ቤት ነውና አትደንግጡ። ልጆቻችሁን አልብሳችሁ ላኩ።»

ሲመለስ አብሬው እስከ ወንዙ ሄድኩ። «ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ተቆጣሁት።

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።»

እውነቱን ነው፤ እምቢ እል ነበር።

ዘመን ተለወጠ። ወላጆች የክፍሉን ወለል ለቀለቁ፤ ለማገዶ የሄደውን በር በቆርቆሮ ተኩ። ጠመኔ ብቻ ቀረ። ይመጣል ተብሎ የነበረው አልመጣም። በእሑዱ መንገዱ ለግማሽ ቀን ተከፈተ ሲባል አዛናው ጠመኔ ሊገዛ ወረታ ወጣ። ሲያልፍ በቤቴ ደጅ ቆሞ፣ «ነገ ስነፋ እንዳትደነግጭ» አለኝ።

«እኔ? በትንፋሼ ሰው የማልገድለው?»

ሳቀ። ያ ሳቁ ነው የቀረልኝ።

አመሻሹ ላይ በአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ተኩስ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ከተማ አድሯል ብዬ አሰብኩ። ቢያድር ነው የሚሻለው አልኩ።

ሰኞ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ጥሩንባው ተነፋ።

ቀሚሴን እየቆለፍኩ ብቻዬን ሳቅኩ። መጣልኝ ብዬ። ስሮጥ ልጆቹም ከየአቅጣጫው ይሮጣሉ፤ የታጠበ ልብስ፣ ቅቤ የተቀባ ፀጉር፣ ደብተር በፌስታል። «ቲቸር! ተነፋ! ተነፋ!» ይሉኛል። እናቶቹ ከየደጁ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ማንም አልደነገጠም። አትደንግጡ ተብለናላ!

ግቢው ሞላ። አሰለፍኳቸው። ጥሩንባው ግን አላቆመም። ከአያ በላቸው ቤት በኩል ነው የሚመጣው፤ ድምፁም ይቆራረጣል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ይቆራረጣል። የሽማግሌ ትንፋሽ ነው።

ሰልፉን አየሁ። ሰርክ የለችም።

እትየ አገኘሁሽ በበሩ ሲገቡ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ገና ከሩቅ ሳያቸው አወቅኩ። በእጃቸው አንድ ካርቶን ይዘዋል፤ ጥጉ ጠቁሯል።

«ከጉያው የተገኘ ነው» አሉኝ።

ማን እንደተኮሰበት እስከ ዛሬ አላወቅንም። የሚያውቅም ካለ አይናገርም። መሞቱንም ቀድሞ ለእኔ የነገረኝ የለም፤ እጮኛዬ ነው ብዬ የነገርኩት ሰው የለማ! ሽማግሌው አልሄደም፣ መንገዱ አልተከፈተም። በለቅሶው ላይ ምን ተብዬ ልቀመጥ?

«ልሂድ» አልኳቸው። «ልየው። አንድ ጊዜ ልየውና ልመለስ።»

እትየ አገኘሁሽ ትከሻዬን ያዙኝ። «ብትሄጂ እነዚህ ይበተናሉ። ዛሬ ከተበተኑ አይመለሱም። እኔ አምሳልን ዳግም አልልክም። እኛ እንቀብረዋለን፣ ልጄ። አንቺ አስተምሪ።»

ልጆቹ ያዩኛል። ምንም አያውቁም። አንዷ ፈገግ ትላለች፣ ጥርሷ ወልቋል።

እግሬ ወደ በሩ ነበር የሚያየው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ትቻቸው ልሄድ ነበር። ነገር ግን የዚያ ሰው ሞቱ ለእነሱ ነው። ብበትናቸው ለምን ሞተ?

ወደ ክፍል አስገባኋቸው። ካርቶኑን ስከፍት ጠመኔዎቹ ተሰባብረዋል፤ ከታች ያሉት ቀልተዋል። ነጭ የሆነችውን ስባሪ መረጥኩ። «ዛሬ ስማችንን እንጽፋለን» አልኩ። አምሳል የመጀመሪያዋ ነበረች። ሀ ግዕዝ እያልን ቆየን፤ እነሱ ይጮሃሉ፣ ጩኸታቸው ደግ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚመጣውን ዋይታ ይሸፍንልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ሰማሁት። የእትየ አልጋነሽን ድምፅ ለየሁት። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ መጻፌን ቀጠልኩ።

ሲፈቱ ብቻዬን ወደ መቃብሩ ሄድኩ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። እዚያ ያለቀስኩትን አላወራም።

እድሩ በአርባው ማግስት ተሰብስቦ ወሰነ። ከእንግዲህ ለሞት ሰው በአፉ እየዞረ ይለፍፋል፤ ጥሩንባው ለትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ይዛ የመጣችው ሰርክ ናት። ከዚያ ወዲህ ከጎኗ ቆሜ በየጠዋቱ የምነፋው እኔ ነኝ። ጋሽ ክንዴ ዝውውር ላስፈጽምልሽ ሲሉኝ እምቢ አልኳቸው። መንገዱም በኋላ ተከፈተ፤ አባቴ መጥቶ ወደ ቤት እንሂድ አለኝ። እሱንም እምቢ አልኩት።

መጀመሪያ ድምፄ አይወጣም ነበር። አሁን ደህና ይሰማል፤ እስከ ወንዙ ይደርሳል ይላሉ። እትየ አልጋነሽ በየጠዋቱ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሳልነፋ ባረፍድ ሰው ይልኩብኛል። ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ ያስቀምጡኛል፣ ጠላ ይቀዱልኛል፣ ባዶውን ግድግዳ እያዩ፣ «ይህን ሳምንት ደህና ነፋሽ» ይሉኛል።