በመበለቷ ቤት የገባው ደስታ

ሜይ ሱዪን ወለሉ ላይ በጎኗ ተዘርራለች፤ የሾርባዋ ሳህን አጠገቧ ተሰብሯል። ባሏ ጨቅላ ሴት ልጅ ትቶባት ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መርማሪ ሉ ቦዌን ሳህኑ ላይ በቀረው ሾርባ ውስጥ የብር መርፌ ነከረ። መርፌው ጠቆረ፤ ሾርባው መርዝ ነበረበት።

«ራሷን ነው ያጠፋችው» አሉ አማቷ፣ ወይዘሮ ፋን። «አርግዛ ነበር። ንጉሡ ሌላ ወንድ ላላወቀች መበለት ክብር የሚያቆመው፣ ለቤተሰቧም ሹመት የሚያስገኘው የድንጋይ በር ለቤታችን ሊፈቀድ ሲል፣ እንዲህ ታዋርደን!»

«ማርገዟን ማን ነገረዎት፣ እመቤቴ?»

«ልጄ ዦንግሊ።»

የሟች ባል ታናሽ ወንድም ዦንግሊ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው በልቦለድ መጻሕፍት ተሞልቷል።

«የወንድምህ ሚስት ማርገዟን በምን አወቅህ?»

«ፊቷ ያስታውቅ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ደብዳቤስ ስትጽፍ አይተሃል?»

«የምን ደብዳቤ? ኧረ አላየሁም!»

ሜይ ሱዪን የላከችለትን ደብዳቤ ይዞ የመጣው ሽማግሌው ሐኪም ኦው ነው። ጠዋት ሲደርሰው ማሸጊያው ተከፍቶ በሩዝ ሙጫ ዳግመኛ ተለጥፎ ነበር። ሉ አነበበውና የቤቱን ሰዎች ሁሉ ወደ አዳራሹ አስጠራ። ያስመጣት አዋላጅም አስከሬኑን መርምራ ተመለሰች።

«አላረገዘችም» አለች በአጭሩ።

ዦንግሊ ቀና አለ።

«እንግዲህ ፊቷ ሊያስታውቅ አይችልም» አለ ሉ። «ወሬው የመጣው ከዚህ ወረቀት ነው፦ ‹ቤቴ ደስታ ገብቷልና ፈጥነው ይምጡ። አማቴ እንዳይሰሙ።› እመቤቴ፣ እርስዎ ይህን ቢያነቡ ምን ይረዱ ነበር?»

አሮጊቷ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ድንገት ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ትንሿ... ትንሿ የልጅ ልጄ ታማለች እንዴ?»

«ፈንጣጣ ነው» አለ ሐኪሙ። «በሽታው በስሙ ከጠሩት ይቆጣል ብለን ደስታ እንለዋለን። ልጇን ከእጇ ነጥቃችሁ ከከተማ እንዳታወጡባት ፈርታ ነው የደበቀችው።»

«እንደ እርስዎ አራት ልጅ ያሳደገች እናት ይህ አይጠፋትም» አለ ሉ። «ለሐኪሙም አይጠፋውም። ልጅ ያላሳደገ፣ ልቦለድ ብቻ ያነበበ ሰው ግን ይሳሳታል፤ እዚያ ውስጥ ደስታ አገኘች የተባለች ሴት ሁሉ እርጉዝ ናት። ዦንግሊ፣ ደብዳቤውን ከፍተህ አነበብህ። በሩ የሚያመጣልህ ሹመት እንዳይቀርብህ ሾርባዋ ውስጥ መርዝ ጨመርህ።»

ዦንግሊ ወደ እናቱ ዞረ። «የቤታችንን ስም ላድን ብዬ ነው» አለ።

«ከምን?» አሉ እናቱ። «ንገረኝ እንጂ! ከምንድን ነው ያዳንኸን?»

የሉ ወታደሮች እጁን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት።

ወይዘሮ ፋን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወጥቶባቸው ድነው ስለነበር ዳግም አይዛቸውምና ብቻቸውን ወደ ጓሮው ክፍል ገቡ። የሦስት ዓመቷ ልጅ በትኩሳት ትቃጠላለች። አሮጊቷ አጠገቧ ተቀምጠው ግንባሯን ዳሰሱ።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየቻቸውና እጃቸውን ገፋች።

«አንቺን አይደለም፣ አያቴ። እማዬን ጥሪልኝ።»