የዋሱ ፊርማ

«እኔ አንዴ ያየሁትን ፊት አልረሳም፤ የሬሳም ቢሆን!» አለች መርማሪዋ፣ ጫማዋን ደጃፉ ላይ እየጠረገች። ማንም አልጠየቃትም። እሷ ግን ሳትጠየቅ መመስከር ትወዳለች።

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ጠዋት ከሥራ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ፤ ሻያቸው ውስጥ የአይጥ መርዝ ነበረ። አስከሬኑ ተነሥቷል። ግድግዳው ላይ ላሉት አርባ ሰዓቶች ግን ጌታቸው መሞታቸውን ማን ይንገራቸው? አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ እንደ ሐሜተኛ ያንሾካሹካሉ።

ቤት ውስጥ የነበሩት ሚስታቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ናቸው። ልጅቷ ባሏን ከባሕር ማዶ ልታመጣ ነው። ደመወዟ ለመግቢያ ፈቃዱ ስላልሞላ «ሥራ ቢያጣ የሚያበላው ዋስ አቅርቢ» ተብላለች። ዋሱ አጎቷ ነበሩ።

«መቼ ፈረሙ፣ እትዬ?» አለች መርማሪዋ ሚስትየውን።

«ዛሬ በማለዳ፣ በሦስታችንም ፊት። ፖስታውን አሽገው ሻይ አሉ። እኔ አፈላሁ፣ እሱ ስኳር ጨመረ፣ እሷ አቀረበች። አትፈርሙ ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው! ይኸው ዕዳው እኔ አናት ላይ ወጣ!»

«እኔስ? የዋስ ነገር ለዘር ይተርፋል» አለ ወንድምየው።

«እሷንማ ተያት» አሉ ሚስትየው ልጅቷን በአገጫቸው እያሳዩ። «ሌላ ዋስ የላት። ምን ብላ ትገድላቸዋለች?»

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። «ባሌ» ይላል። በፊቱ ደፋችው። ስልኩ ግን እየተንቀጠቀጠ ተሳበና ከሟቹ መነጽር ሥር ገባ። ማንም አላነሣውም።

መርማሪዋ ሦስቱንም ከግድግዳው ሰዓቶች ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ዋስነቱን የፈራ ሰው ሳይፈርሙ ይገድላቸው ነበር። እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ ሲሞቱ ዕዳው ወደ እኛ ይዞራል ባዮች ናችሁ። ከፈረሙ በኋላ ቢሞቱ ምን ይጠቅማችኋል?» ፖስታውን ቀደደች። «ስድስተኛው ገጽ፦ ዋሱ ከሞተ ዋስነቱ ይፈርሳል፤ ለወራሽ አይተላለፍም። ገዳዩ ይህን ያውቅ ነበር።»

«ያን ሁሉ ገጽ ማን ያነባል?» አለ ወንድምየው። «ያነበበችልን እሷ...» ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ስድስተኛውን ገጽ ዘልላባችኋለች» አለች መርማሪዋ። «የባሏን ጥሪ ደፍታ የተወችው፣ እንዲቀርም የምትፈልገው እሷው ናት።»

ሚስትየው «ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ክብ ክብ የሲጋራ ጠባሳ ተደርድሯል። «ለሠርጉ የሄድኩ ጊዜ ነው። አጎቴን እንቢ በሉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። 'ትዳርሽን በእጄ አላፈርስም' አሉ። እንቢ ይላሉ ብዬ እስክርቢቶውን እስኪያስቀምጡ ጠበቅኋቸው።»

«ታዲያ ለሕግ አትናገሪም ነበር?» አለች መርማሪዋ፣ ደረቷን ነፍታ።

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት።

«ያዩትን ፊት አይረሱም አይደል? ባለፈው ወር ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ ክንድ አሳይቼዎታለሁ። 'የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ቀጣይ!' አሉኝ።»