መቶ ሰማንያ ሰባት አልቃሾች

አሰላ ውስጥ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮውን ሁሉ በሚያንኳኳበት አንድ ሰፈር፣ በአንድ ቤት ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ አሁን ሁለት ናቸው። አባወራው አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ለሠላሳ አንድ ዓመት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስተው ሰፈሩን እየዞሩ ይነፋሉ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ፤ ሰዉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ልጃቸው ሐመልማል የእድሩ ጸሐፊ ነበረች፤ ከሁሉ በላይ ግን የስልኳ ነበረች።

ባለፈው ጥቅምት ሐመልማል ለእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ስብሰባ ላይ ተነስታም «በዚህ ዘመን ጥሩምባ ያሳፍራል» አለች፤ ተጨበጨበላት። ቀጥላ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛው አዝና አንድ ደንብ አስጸደቀች፤ ግሩፑ ላይ ሐዘኑን የገለጸ ሁሉ ቀብር እንደተገኘ ይቆጠራል፣ አይቀጣም። ለዚህስ ቆመው አጨበጨቡ! አባቷ ጥሩምባቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከበር ኋላ ሰቀሉና ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጃቸውን አላናገሩም። ጨው ሲያምራቸው እንኳ ሚስታቸውን «ለዚያች ልጅ፣ ‹ጨው አቀብዪ› በያት» ይሉ ነበር።

እናቲቱ ወይዘሮ እታገኘሁ በዚህ መሐል ልባቸው ደከመ። በሁለት ኩርፊያ መካከል የከረመ ልብ እንዴት አይደክም? አንድ ቀን ከአልጋቸው ሆነው፣ «ሐሙዬ፣ ሳልሞት አባትሽን ይቅርታ ጠይቂው። ስሞት ደግሞ ሰው ይምጣልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ» አሏት።

«እሺ እማዬ» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

«ምን አልኩሽ?»

«እ?»

እናት ፈገግ አሉ። «ተይው በቃ… ስልክሽ ይንገርሽ።»

ሰኔ ላይ፣ ማክሰኞ ንጋት፣ ወይዘሮ እታገኘሁ አረፉ። ሐመልማል እያነባች ግሩፑ ላይ ጻፈች፤ «እናቴ አረፉብኝ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።» እስከ አራት ሰዓት ድረስ መቶ ሰማንያ ሰባት ሰዎች የሚያለቅስ ቢጫ ፊት ላኩላት። በስድስት ሰዓት ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ግን አባቷና ባዶ አግዳሚ ወንበሮች ናቸው። ደንቡን ማን አወጣው? ማንን ትውቀስ! በሰባት ሰዓት አንድ ሰው መጣ፤ ባለሱቁ አብዶ። የቁልፍ ስልክ ስለሚይዝ ግሩፑ ውስጥ የለም፤ ለቅሶውን በአጥር ሰምቶ ነው።

«ያ ረቢ! ሰዉ የት ሄደ?»

«ሁሉም አልቅሷል፣ አብዶ» ብላ ስልኳን አሳየችው።

አብዶ ቢጫዎቹን ፊቶች አየት አየት አደረጋቸው። «እና አስከሬኑን እነዚህ ናቸው የሚሸከሙት?»

ሐመልማል አባቷ እግር ሥር ወደቀች። «አባዬ፣ ይንፉላቸው!»

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ፊታቸውን ወደ አብዶ አዞሩ። «አስከሬን ቤቱ ያለ ሰው ጥሩምባ አይነፋም፤ ወግ አይደለም። ለዚያች ልጅ ንገራት።»

ወግ ማፍረስ ግን ለሐመልማል አዲስ ነው እንዴ? ጥሩምባውን ከበር ኋላ አወረደችና መንገድ ላይ ወጥታ ነፋች። የወጣው ድምፅ ጥጃዋ የጠፋባት ላም ጩኸት ነበር። ጎረቤታቸው መምህር ይስሃቅ ደንግጠው ብቅ አሉ።

«ምነው ሐመልማል፣ ጽፌልሽ ነበር እኮ!»

«አንብቤዋለሁ ጋሼ። አሁን ይምጡና ይሸከሙልኝ።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ወጣ። እንባዋ ከንፈሯን አርሶባት ለሦስተኛው ስትታገል፣ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ከንፈርሽን ጠበቅ አድርጊ። ጉንጭሽን አትንፊው… ልጄ።»

ስምንት ወር ሙሉ የጠበቀችው ድምፅ! አልዞረችም፤ ብትዞር መንፋት አትችልም ነበር። ከንፈሯን ጠበቅ አድርጋ ነፋች። በር በበር ላይ ተከፈተ፤ ሰዉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ እርስ በርሱ እየተፋፈረ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ እታገኘሁ በሰው ትከሻ ሄዱ። የለመኑት ሁለቱም ተፈጸመላቸው፤ ሰውም መጣ፣ አባትና ልጅም ታረቁ። ግን… አንዲት ቀን ቀድሞ ቢሆን ምን ነበረበት? ዕጣ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ናት፤ የሰውን ልመና ሰምታ፣ ምላሹን ይዛ የምትደርሰው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

ከቀብር ሲመለሱ የሐመልማል ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ መቶ ሰማንያ ስምንተኛው አልቃሽ መሆን አለበት። አላወጣችውም። በሁለት እጇ አባቷን ደግፋ ነበር።