የኤቦ ደም

ዶክተር ኦቱ ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ወንበራቸው ሥር ተደፍተው፣ ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸውን በማይክሮስኮፕ ተመተዋል፤ ከእሳቸው ጠብታ ደም አልወጣም። አጠገባቸው በተሰበረ ብልቃጥ ውስጥ ግን ደም ነበር።

ኢንስፔክተር አራባ የደረሰችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሦስቱም የላቦራቶሪ ሠራተኞች፣ ማንሳ፣ ፊፊና ኤቦ፣ ምሳችንን ለየብቻ በላን አሉ።

«ማዳም፣ ነገሩማ ቀላል ነው» አለች ደም ቀጂዋ ማንሳ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ደሙን ዶክተር በሠሩት አንቲቦዲ ያስፈትሹት።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሞኖክሎናል ነው» አለ ፊፊ። «ከአንዲት የአይጥ ሕዋስ የተራባ ስለሆነ አንድ አንቲጅን፣ ማለት አንድ የሕዋስ ምልክት ብቻ ነው የሚያውቀው። ያ አንቲጅን ያለባቸውን ቀይ የደም ሕዋሶች እርስ በርስ ያጣብቃል። አንቲጅኑ የሌለው ሰው እዚህ አገር ብርቅ ነው።»

የብልቃጡ ደም አልተጣበቀም። የሦስቱም ጣት ተወጋ፤ ያልተጣበቀው የኤቦ ብቻ ሆነ። ደግሞ አውራ ጣቱ በፋሻ ታስሯል።

«ጠዋት የያም ሥር ስልጥ ቢላ ነው የቆረጠኝ! ማንሳ፣ አንቺ አይደለሽ ያሰርሽልኝ? ንገሪያቸው እንጂ!»

ማንሳ አቀረቀረች። ምስኪን ኤቦ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ታድነኛለች ብሎ ዓይን ዓይኗን ያይ ነበር።

አራባ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰብስባ ብልቃጡን አዘነበለችው። ደሙ ወደ ዳር ፈሰሰ።

«ከቁስል የወጣ ደም ወዲያው ይረጋል። ይኼ እስካሁን እንደ ውሃ ይሄዳል። እንዳይረጋ መድኃኒት ከተጨመረበት ቱቦ ነው የተቀዳው፤ ለምርምር የሰጣችሁት ደም ከሚቀመጥበት ፍሪጅ።»

«ፍሪጁን ሁላችንም እንከፍታለን» አለች ማንሳ።

«ፊፊ፣ ቱቦዎቹ ላይ ስም አለ?»

«ቁጥር ብቻ። ለውጤቱ እንዳናዳላ የማን እንደሆነ አይነገረንም። ኤቦ ራሱ የራሱን አያውቅም።»

«ማን ያውቃል ታዲያ?»

ፊፊ ቀስ ብሎ ዞረ። «ዶክተርና... ደም የምትቀዳው።»

«ጣቱንም ያሰረችው እሷ ናት» አለች አራባ። «አስፈትሹት ያለችኝም እሷ።»

«ዶክተር ውጤት ፈጥረሽ ነው የሰጠሽኝ ብለው ሊያባርሩኝ ነበር!» ማንሳ ጮኸች። «ሰባት ዓመት ለፍቼ!»

«እኔስ ምን አደረግሁሽ?» አለ ኤቦ። «እጅሽ አያሳምምም እያልኩ ክንዴን ስዘረጋልሽ የኖርኩ ሰው?»

ፖሊሶች ሲወስዷት ዞራ አላየችውም።

ለማስረጃ ከኤቦ አንድ ቱቦ ደም ያስፈልግ ነበር። ፊፊ መርፌውን ይዞ ቀረበ። ኤቦ እጅጌውን ወደ ታች ሳበና ክንዱን ከጀርባው ደበቀ።