ያልደረሰው ምዕራፍ

በ1950 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ በየካ ተራራ ሥር አልጣለም። የካቲት ደመና አሳይቶ አለፈ፤ መጋቢት ደመናም አላሳየም። የቀበና ወንዝ በድንጋይ መካከል እንደ ክር ቀጠነ፤ ምንጮቹ ደረቁ፤ የተዘራው ገብስ ሳይበቅል መሬቱ ተሰነጠቀ። ከብት ያለው ከብቱን በርካሽ ሸጠ፤ የሌለው ሚስቱን ለእንጨት ወደ እንጦጦ ጫካ ሰደደ። በዚያው ወራት የክርስቲያኑ ሁዳዴና የእስላሙ ረመዷን ተገናኙ፤ በቀን ጭስ የሚወጣበት ቤት ጥቂት ነበር፤ የተራበውን ከጾመኛው ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ጂቱ ኢዶሳ የዱጋሳ ሚስት ነበረች። ከአርሲ ተነሥተው የካ ከሰፈሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እርሱ ድንጋይ ይፈልጣል፤ እርሷ እንጨት ትሸከማለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ረመዷን በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከእንጦጦ ቁልቁለት እኩሌታ ላይ፣ ሸክሟን እንዳዘለች ተቀመጠች። አብረዋት የነበሩት ሴቶች ውሃ በቅል አቀረቡላት፤ ቅሉን በእጇ ገፋችው።

«አንድ ቀን ብፈታ ስልሳ ቀን ነው» አለች፤ «ስልሳ ቀን በምን ጉልበቴ እጾማለሁ?»

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሴቶቹ እንጨቷን እዚያው ጥለው እርሷን ተሸክመው አወረዷት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከነፅንሷ ሞተች።

ስልሳውን ቀን የነገራት ባሏ ነው፤ ባሏም የሰማው ከሸኽ ዘይኑ ባፈና ቤት ነው።

ሸኽ ዘይኑ ከየካ በታች ትንሽ የቂርአት ቤት ነበራቸው። ወሎ ወርደው ሃያ ዓመት ተምረዋል፤ ዐዋቂነታቸውን የሚጠላቸውም አይክድም። አስተማሪነታቸው ግን እንደ ጥንቱ ነበር። ኪታቡ በዐረብኛ ይነበባል፤ ቃሉ አንድ በአንድ ለደረሶቹ፣ ለተማሪዎቻቸው፣ ይፈታል፤ ገጽ አይዘለልም። የጨነቀው ሰው ጥያቄ ይዞ ቢመጣ፣ «ቦታው ሲደርስ» ይባላል። በዚያ ዓመት ረመዷን ሲቃረብ ስለ ጾም የሚናገረው ክፍል ይነበብ ነበር። ያለ ምክንያት፣ ዐውቆ፣ ጾሙን የፈታ ሰው ስልሳ ቀን አከታትሎ እንዲጾም የሚያዝዘው ገጽ ላይ እንደ ደረሱ የረመዷን ጨረቃ ታየች፤ እንደ ልማዱ ትምህርቱ ለጾሙ ተዘጋ። ምክንያት ስላላቸው ሰዎች፣ ስለ በሽተኛ፣ ስለ መንገደኛ፣ ስለ ነፍሰ ጡር የሚናገረው ምዕራፍ ቀጥሎ ነበር፤ ለዒድ ማግሥት ተላለፈ። ዱጋሳ ዐርብ ዐርብ በሩ ሥር ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። የሰማውን ይዞ ወጣ፤ ለሚስቱም ነገራት።

ጂቱ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን መጣ። ሸኹ ከደረሶቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ዱጋሳ ከደፉ አላለፈም።

«ሸኽ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ጾም ይዛ ውሃ ብትጠጣ ምን ትሆናለች?»

«ለራሷ ወይም ለፅንሷ የፈራች ትጠጣለች፤ ትበላለችም። በኋላ ሲመቻት ስለ አንዱ ቀን አንድ ቀን ትጾማለች።»

«ስልሳ አይደለም?»

«አይደለም። አንድ በአንድ ነው።»

«ይህን መቼ ዐወቁ?»

«በልጅነቴ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ሸኽ ዘይኑ አፋቸው ላይ የመጣውን መለሱ። «ምዕራፉ አልደረሰም ነበር።»

ከደረሶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ።

«ጂቱ ግን ለዒድ ማግሥት አልቆየችም» አለ ዱጋሳ።

«አንተስ ሳትጠይቅ ለምን ነገርሃት?»

«የሰማሁትን ነገርኋት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ተሸክሜው እኖራለሁ፤ እርስዎ አያግዙኝም። እርስዎ ግን የሚያውቁትን ዋጡ። ባገሬ የነፍስ ዕዳ ጉማ ይባላል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በከብት ይከፈላል። ከእርስዎ ከብት አልፈልግም። አሁን በመለሱልኝ አማርኛ ይጻፉልኝ። ልጄ ዲንቄ ተማሪ ቤት ገብታለች፤ ፊደል ለይታለች፤ እርሷ ታንብበው። የእናቷ ስም ይኑርበት፤ በምን እንደ ሞተችም ይኑርበት። እስከዚያ ድረስ ጉማዋ በአንገትዎ ነው።»

ሰላምታ ሳይሰጥ ሄደ።

ሸኽ ዘይኑ በመጀመሪያ የተቆጡት በዱጋሳ ነበር። ድንጋይ ፈላጭ በደረሶች ፊት ተናገረኝ ብለው እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ጥርሳቸውን ነከሱ። ሲሰግዱ ግን ያ መልስ ተመለሰባቸው። ምዕራፉ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ቁጣቸው አቅጣጫውን ለወጠ፤ በራሳቸው ላይ ሆነ፤ ባስተማሯቸው ሰዎች ላይ ሆነ፤ ዕውቀትን በሣጥን ዘግቶ ቁልፉን በወገቡ አንጠልጥሎ በሚዞር ሁሉ ላይ ሆነ። አልበረደምም።

መጻፍ ጀመሩ። የዐረብኛ ብዕራቸው የተመሰከረለት ነው፤ በአማርኛ ፊደል ግን እንደ ነገሩ ነበሩ። ጎረቤታቸው አቶ ሠረቀብርሃን በእንጦጦ ደብር ብራና ሲጽፉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የሸኹን ወረቀት አንሥተው ወደ ብርሃን አስጠጉት።

«የእርስዎ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ሊሸሽ ያሰበ ይመስላል» አሉ፤ «ይንገሩኝ፤ እኔ ልጻፍልዎ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ዳዊት ስጽፍ ኖሬ አሁን የእስላም የሶላት ትጥበት ብጽፍ፣ ቅዱስ ሚካኤል ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?»

«ሰው ታጠበ ይበሉት።»

አቶ ሠረቀብርሃን ሳቁና ቀለም በጠበጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ዓመት ተኩል ሠሩ፤ ሸኹ ይናገራሉ፤ አቶ ሠረቀብርሃን «ይህን የእኔ ቤት ሠራተኛ ብትሰማው ይገባታል?» እያሉ ያስደግማሉ። የማይገባ የመሰላቸውን ቃል ሳይጽፉ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። እንዲህ ሆኖ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሶላት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ዘካ የሚናገር አነስተኛ መጽሐፍ ተዘጋጀ። ሸኹ የጥንቱን ተራ ትተው፣ የቸገረው ሰው የሚፈቀድለትን ከሁሉ አስቀደሙ፤ ቅጣቱን ወደ ኋላ አደረጉ። በመጀመሪያው ወረቀት በሁለቱም ገጽ የጂቱን ነገር ጻፉ፤ ዐውቄ ዝም አልሁ ብለውም ፈረሙበት።

ወሬው ለሊቃውንቱ ደረሰ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ ሙዘይን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

«ዘይኑ፣ ኪታብ ገለበጥህ አሉኝ።»

«አዎን፣ ሐጂ። ምክንያት ያለውን ሰው አስቀደምሁ።»

«ዕውቀት ተራ አለው። አባቶቻችን እንዲህ አላስተማሩንም። በዚያ ላይ በአማርኛ። ነገ እንጨት ለቃሚዋ ሁሉ ሙፍቲ ሆና ልትፈርድ ነው።»

«ሬሳ ከምትሆን ሙፍቲ ብትሆን ይሻላል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጥምጥሙ ጫፍ ሸሸገ። ሐጂ ሙዘይን አዩት፤ ሳቁ ጠፋ።

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም። ሴት ቀብሬ ነው የምናገረው።»

«እንግዲያው ሌላውን ጻፍ፤ የሴትዮዋን ነገር ተው። አንተ ዐውቄ ዝም አልሁ ካልህ፣ ሕዝቡ ነገ እኛን ይዞ፣ እናንተስ ምን ምን ዋጣችሁ ይለናል።»

«ይበለን» አሉ ሸኽ ዘይኑ።

ሐጂ ሙዘይን ተነሥተው ሄዱ። በወሩ ውስጥ ከሸኹ አሥራ አራት ደረሶች ዐሥራ ሁለቱ ወደ ሌላ መምህር ተዛወሩ። ሸኹ ለሁለቱ ማስተማር ቀጠሉ።

ጽሑፉ በ1952 ዓ.ም. መጽሐፍ ለሚመረምር መሥሪያ ቤት ገባ። ነገ ይምጡ፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ እየተባለ ዓመት ዞረ። በታኅሣሥ 1953 ክብር ዘበኛ በመንግሥት ላይ ሲነሣ ከተማው በተኩስ ተናወጠ፤ የየካ ሰው በሩን ዘግቶ ከረመ። ግርግሩ ሲያልፍ ሸኹ ወረቀታቸውን ቢጠይቁ የለም ተባሉ። ማን ወሰደው ቢሉ የሚያውቅ ጠፋ። አቶ ሠረቀብርሃን አልተራገሙም፤ ቀለም እንደገና በጠበጡ፤ ተጽፎ ሲያልቅም ለዚያው መሥሪያ ቤት ገባ።

በእነዚህ ዓመታት ዱጋሳ በየረመዷኑ ዋዜማ በሸኹ በር ይቆም ነበር።

«ደረሰ?» ይላል።

«አልደረሰም» ይላሉ ሸኹ።

ከዚህ ሌላ ቃል አይለዋወጡም ነበር። ሰው ሁሉ ዐወቀው፤ አንዳንዱ እብደት ነው አለ፤ አንዳንዱም ጥግ ይዞ ይህንኑ ለመስማት ይጠብቅ ጀመር።

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ሸኹ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተጠሩ። መርማሪው ከራባት ያሠረ፣ ቃሉ የለዘበ ወጣት ነበር። ወንበር አቀረበላቸው።

«ሸኽ፣ ሃይማኖትዎን አልነካሁብዎትም፤ መጽሐፉ ተፈቅዷል። የመጀመሪያው ወረቀት ብቻ ይወጣል።»

«ስለምን?»

«በ1950 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ በጠፋ ጊዜ ይላል። እኛ ዘንድ በዚያ ዓመት ዝናብ ስለ መጥፋቱ የተጻፈ ነገር የለም።»

«ሴትዮዋ ግን ሞታለች።»

«ሰው ይሞታል። ዝናብ ጠፍቶ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ተጠምታ ሞተች ሲባል ግን አገሩን ማማት ይሆናል።»

«ያማሁት ራሴን ነው፤ ልጄ። አንብበው።»

«አንብቤዋለሁ። ያለዚያ ወረቀት ይፈርማሉ ወይስ ሁሉንም ይዘው ይሄዳሉ?»

ሐጂ ሙዘይን የሊቃውንቱ ክብር እንዳይነካ ያንን ወረቀት ጠልተውት ነበር፤ ይህ መርማሪ ደግሞ የመንግሥቱ ክብር እንዳይነካ ጠላው፤ የሁለቱ ክብር በአንዲት እንጨት ለቃሚ ሬሳ ላይ ተገናኘ። ሸኽ ዘይኑ ይዤ እሄዳለሁ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ደግሞም ረመዷን በየዓመቱ እንደሚመጣ፣ ሴቶቹም በየዓመቱ እንደሚሸከሙ አሰቡ። ፈረሙ።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ኅዳር ታተመ። ሦስት መቶ ቅጂ ነበር። በታኅሣሥ ረመዷን በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሸኹ ለዱጋሳ ላኩበት፤ ከእንጦጦ ቁልቁለት እኩሌታ ላይ፣ ሴቶቹ ከሸክም የሚያርፉበት ቦታ እንዲመጣ። ሰባ ዓመታቸው ነበር፤ በዘንግ እየተደገፉ፣ ሁለት ጊዜ እየተቀመጡ ወጡ። ቀኑ ጠራራ ነበር። እንጨት የተሸከሙ ከዐሥር የማያንሱ ሴቶች አርፈው ነበር፤ እስላምም ክርስቲያንም ነበረባቸው። ዱጋሳ መዶሻውን እንደ ያዘ ከድንጋይ ቦታው መጣ፤ ልጁ ዲንቄ ከኋላው ነበረች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ሸኹ መጽሐፉን ለእርሷ ሰጧት። «አንቺ አንብቢው።»

ዲንቄ ገለጠች። ሳትቸኩል፣ ድምፅዋን ሳታነሣ አነበበች።

«የታመመ ሰው፣ መንገደኛ፣ ለራሷ ወይም ለልጇ የፈራች ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በረመዷን ጾማቸውን ቢፈቱ ኃጢአት የለባቸውም። ችግሩ ሲያልፍ ስለ አንድ ቀን አንድ ቀን ይጾማሉ። ከዚህ የበለጠ የለባቸውም። ነፍሱ ልትወጣ የተጨነቀ ሰው ውሃ መጠጣት ግዴታው ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ «እሱን ድገሚው» አለች። ዲንቄ ደገመችው። ከዚያ ወደ ፊት ገለጠች፤ ወደ ኋላ ገለጠች፤ እስከ መጨረሻው ሄዳ ተመለሰች።

«የእናቴ ስም የት አለ?»

«ነበረ፤ አወጡት» አሉ ሸኹ።

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እሺ ብዬ ፈረምሁ።»

ዱጋሳ መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲያው ግማሹን ነው የከፈሉት።»

«ዐውቃለሁ። ሌላውን ግማሽ ይዤ ነው የወጣሁት።»

ሸኽ ዘይኑ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ያለ ድጋፍ ቆሙ። ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ስሙኝ። እኔ ዘይኑ ባፈና ነኝ። በ1950 ዓ.ም. ዝናብ ጠፋ። ጂቱ ኢዶሳ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ጾም ይዛ፣ እንጨት አዝላ ከዚህ ቦታ ተቀመጠች። ውሃ ሲሰጧት ስልሳ ቀን ዕዳ ይሆንብኛል ብላ ፈራች። ዕዳ አልነበረባትም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቅ ነበር። ደረሶቼን በተራ አስተምራለሁ ብዬ ዝም አልሁ። እርሷም ፅንሷም ሞቱ። ባሏ አልገደላትም፤ የሰማውን ነው የነገራት። የደበቅሁት እኔ ነኝ። መርማሪው ይህን ከመጽሐፉ አውጥቷል፤ ከእናንተ ጆሮ ግን ማውጣት አይችልም። ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ስሜንም ጥሩ።»

ከሴቶቹ በዕድሜ የገፋችው ተነሥታ ዘንጉን ከመሬት አንሥታ አቀበለቻቸው።

ዱጋሳ ወደ ልጁ ዞረ። «ያንን ቃል አሳዪኝ። የቱ ድረስ ነው?»

ዲንቄ ጣቷን ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው አስኬደች። ማንበብ የማይችለው ሰው ሥፍራውን ባውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ለካው።

«ይህን ያህል አጭር ነበር?»

«ይህን ያህል ነበር» አሉ ሸኹ።

ዱጋሳ ጣቶቹን ሳያጥፍ ቆየ። ፊቱ አልለዘበም፤ እጁንም ለሰላምታ አልዘረጋም። «ጉማው ተከፍሏል» አለ፤ «እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ከእርስዎ የምፈልገው የለኝም።» ልጁን አስከትሎ ወደ ድንጋዩ ቦታ ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶ የመዶሻው ድምፅ ተሰማ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የ1953ቱን የታኅሣሥ ተኩስ በሰዓትና በደቂቃ አስቀምጠውታል። የ1950ውን በልግ አላስቀመጡትም። ሸኽ ዘይኑ በሦስተኛው ዓመት ሞቱ፤ ሐጂ ሙዘይን በቀብራቸው ላይ ስለ ዕውቀታቸው ብዙ ተናገሩ፤ ስለ መጽሐፉ አልተናገሩም። በእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርዱ ሴቶች ግን ነፍሰ ጡር ሲሆኑ ውሃ ጠጡ፤ ይህንንም የመዘገበ የለም። ከሦስት መቶው መጽሐፍ ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ጥቂት ይገኝ ይሆናል። ፈቃዱ የተሰጠው ገጽ በገጽ በቍጥሩ ስለ ነበር ማተሚያ ቤቱ ቍጥሩን ለመለወጥ አልደፈረም፤ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለው ገጽ ሦስት ይላል። አንድና ሁለት የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ አንባቢ እስከ ዛሬ አልተሰማም።