ጥርሱ የተላጨው ብሎን

አለቃ በጓሯቸው ባለችው ጋራዥ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ደረታቸው ላይ የሳህን ስፋት ያለው ክብ ብረት ተጋድሟል፤ ከአየር ኮምፕሬሰሩ ታንክ ተስፈንጥሮ የወጣ ክዳን ነው። አርባ ዓመት የሰው ማሽን ሲጠግኑ ጣታቸው እንኳ ያልተጫረ ሰው በማለዳ በገዛ ማሽናቸው ሞቱ። እንዲህ ያለውን ነገር «ዕድል ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። መርማሪዋ ግን የሚቀል ነገር አትወድም።

ባልደረቦቿ «ሞረድ» ይሏታል፤ ቀስ እያለች ስለምትፍቅ። ስትደርስ ሳጅኑ አንድ ሽማግሌ በካቴና አስሮ፣ በተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ አስቀምጦ ጠበቃት።

«ቧንቧ ሠሪው ነው፤ የሟች አብሮ አደግ» አላት። «ክዳኑን የያዙት አራት ብሎኖች ጥርሳቸው ሆን ተብሎ ተላጭቷል። መላላታቸው እንዳይታወቅ ቴፍሎን ተጠቅልሎባቸዋል። ቧንቧ ላይ የሚጠቀለል ነጭ ቴፍሎን ደግሞ የማን ዕቃ ነው? ትናንት ተጣልተው ሆድና ጀርባ ሆነዋል። እኩለ ቀን ላይ ጣቢያ አስገባዋለሁ።»

«አሁን ገና አራት ሰዓት ነው» አለችና ብሎኖቹን ከወለሉ ለቃቀመች።

አናታቸው ወፍራምና ጤነኛ ነው፤ ተገጥመው ላያቸው ሰው ምንም አልጎደላቸውም። ከአናታቸው በታች ግን ጥርሱ ተልጦ ቀጥነዋል። ያን ቅጥነት ቴፍሎኑ ሞልቶታል። የእያንዳንዱ ብሎን አናት ከስድስቱ ጎኖቹ በሦስቱ ላይ፣ አንድ እየዘለለ፣ ትንንሽ ጭረት አለበት፤ ከሦስቱ የአንዱ ጫፍ ጎደሎ ነው። ኪሷ ከተተቻቸው።

የሟች ሚስት በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ኮምፕሬሰሩ ችግር ነበረበት?»

«ነበረበት። የክዳኑ ቀዳዳዎች ጥርሳቸው ተበልቶ አየር ይተነፍስ ነበር። ረቡዕ ዕለት ባሌ ቀዳዳዎቹን አስፍቶ አዲስ ጥርስ አወጣላቸው፤ ወፋፍራም አዲስ ብሎን ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ፀጥ አለ።»

«ከረቡዕ በኋላ ማን ገባ?»

«ትናንት ያ ጉደኛ መጣ» አሉ በአገጫቸው ወደ ቧንቧ ሠሪው እያመለከቱ። «ተጨቃጨቁና ቦርሳውን እንኳ ረስቶ ወጣ። ከዚያ ወንድሜ ብቅ ብሎ ነበር። እሱ የቤት ሰው ነው፣ አይቆጠርም። እናታችን ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደግኩት እኔ፣ ሙያ ያስተማረው ባሌ።»

የማይቆጠሩ ሰዎችን መቁጠር የመርማሪዋ ልማድ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ወደ ቧንቧ ሠሪው ሄዳ ካቴናውን አስፈታችለት።

«ጋሼ፣ ምን አጣላችሁ?»

«ዳማ» አለ ሽማግሌው። «ጠጠር ሰርቀሃል አልኩት። ሰርቋልም! ልቡ እዚህ አልነበረም እንጂ እሱ ሲሰርቅ አይያዝም ነበር።» ሳቅ ሊል ፈልጎ እንባው ቀደመው። «"የጎማው ማሰሪያ ቀዳዳ በማጣበቂያ ተሞልቶ ነበር፤ ነገ ያ ሹፌር ቤት ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ" ይለኝ ነበር። ጎማው ወልቆበት እግሩን ያጣውን።»

መርማሪዋ አንድ ትርፍ ብሎንና የቴፍሎን ጥቅል ሰጠችው። «ይጠቅልሉልኝ።»

ዓይኑ ከጋራዡ በር ሳይነቀል፣ ጣቶቹ በራሳቸው ፈቃድ ጠቀለሉት። ከኪሷ አንዱን አውጥታ አጠገቡ ያዘችለት።

«ይሄ እኮ በግልባጩ ነው የዞረው!» አለ በንቀት። «ብሎኑ ሲጠብቅ ይተረተራል። የትኛው ለማጅ ነው እንዲህ ያደረገው?»

የሚስትየዋ ወንድም የቶርኖ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ቶርኖው ብረት አሽከርክሮ የሚልጥ ማሽን ነው፤ ብረቱን ጨብጠው የሚይዙት ሦስት መንጋጋዎች ናቸው። ሰውየው ዓይኑ እስኪያብጥ አልቅሷል።

«የክዳኑን ብሎኖች ነክተሃቸው ታውቃለህ?»

«እኔ? በጭራሽ! አለቃ ራሳቸው ከሱቅ ገዝተው ነው የገጠሟቸው። ዓይቻቸውም አላውቅ።»

«ትናንት ለምን መጣህ?»

«እህቴን ልጠይቅ ነዋ።»

«የዚያን ሹፌር መኪና የጠገነው ማነው?»

መዳፉን በጨርቅ ጠረገ፤ መዳፉ ግን ንጹሕ ነበር። «ብዙ ሰው ነክቶታል» አለ።

መርማሪዋ ከመንጋጋዎቹ የአንደኛው ጫፍ መሸረፉን አየች። አመስግናው ወጣች።

እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በአደጋ እንዳልሞቱ ሳጅኑ ያለው ልክ ነው» ብላ ጀመረች። «ረቡዕ ብሎኖቹ ጤነኞች ነበሩ። ትናንት አንድ ሰው ፈታቸው፣ ጥርሳቸውን ላጨ፣ መልሶ ገጠማቸው። አለቃ ዛሬ ማለዳ ሲያዩ ያው የራሳቸው ወፋፍራም አናት ስለሆነ አልጠረጠሩም። ታንኩ አየር ሲሞላ ክዳኑ ተፈናጠረ።»

«ቴፍሎኑስ?» አለ ሳጅኑ።

«ቴፍሎኑ ከተረሳው ቦርሳ የወጣ ነው፤ የጠቀለለው ግን ባለ ቦርሳው አይደለም። በግልባጩ ዞሯል። ቧንቧ ሠሪው ተኝተውም ቢሆን እንዲህ አይሳሳቱም። ቴፍሎን ሥራው ያልሆነ፣ ግን በቧንቧ ሠሪ ማሳበብ የፈለገ ሰው ነው የጠቀለለው።» ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ብረት እንዲህ አስተካክሎ የሚልጥ ቶርኖ ብቻ ነው። መንጋጋዎቹ የያዙበት ቦታ እነሆ፣ ሦስት ሦስት ጭረት። ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ጫፉ ይጎድላል። ማዶ ያለው ቶርኖም አንድ መንጋጋው ሸራፋ ነው። አንተ ግን ዓይቻቸውም አላውቅ ብለኸኛል።»

የወንድምየው ፊት አመድ መሰለ።

«የሹፌሩ ጎማ የሚታሰርበት ቀዳዳ ጥርሱ ተበልቶ ነበር» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ሳትጨምር። «አስፍተህ አዲስ ጥርስ ማውጣት ሲገባህ በማጣበቂያ ሞልተህ ሰጠኸው። አይደለም?»

«አለቃ እውነቱን እናገራለሁ አሉኝ!» ብሎ ፈነዳ። «ለምኛቸው ነበር! እኔ አየሩ ያፈተልካል፣ ጥቂት ቀን ሥራ ያስፈታቸዋል ብዬ እንጂ…»

«ጥቂት ቀን ሥራ ለማስፈታት ቴፍሎን ከሰው ቦርሳ አይሰረቅም» አለችው።

እህቱ ከተቀመጡበት ተነሱ። አላለቀሱም። ሲናገሩ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር።

«ሹፌሩ ቤት ሄዶ ምን ሊል እንደነበር ታውቃለህ?»

«እታለም…»

«አትጥራኝ። ለእኔ ትናንት ነግሮኛል። "ልጁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እግሩ ላይ እወድቃለሁ" ነው ያለኝ። ያንተን ስም ሊያነሳ አልነበረም።»

ሰውየው ኮምፕሬሰሩን ተደግፎ ቁጭ አለ። እጁን ወደ እህቱ ዘረጋ። እሳቸው እጁን አልፈው ቧንቧ ሠሪው ፊት ቆሙ።

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አሉት። «ደግሞ ጣቴን የቀሰርኩት ባንተ ላይ ነው። ይቅር በለኝ።»

ሽማግሌው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ማንን ማየት እንዳለበት ግራ ገባው።

«ምን ትጠብቃለህ ልጄ?» አሉት ሴትየዋ። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እኔው እሰጥሃለሁ፣ ውሰደው።»