የተጠገነው ማንገቻ

የልብስ ሰፊ «ነገ» ማለቂያ የለውም። ይህን ያልቀመሰ ደንበኛ አይገኝም። ሱሪው ነገ ይደርሳል፣ ቀሚሱ ነገ ይደርሳል፤ ነገ ሲመጡ ደግሞ «እጅጌው ብቻ ነው የቀረው» ይባላል። በዚያች ጠባብ ስፌት ቤት ይህን ቃል በፈገግታ የመናገሩ ሥራ የታናሽየዋ ነበር። የቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቷ እትዬ ካውያዋን ይዛ ከኋላ ትቆማለች፤ እሷ በመስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ «ነገ» እያለች ትሸኛለች። ክፋት ኖሮባት አይደለም። ሰው ደስ ብሎት እንዲወጣ ትፈልጋለች፤ የነገን ጣጣ ነገ ያውቅለታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መነጽር ሠሪው ገባ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ሰፈርተኛው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አንድም ቀን «ኧረ አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ማንገቻው የተበጠሰ የጀርባ ሻንጣ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና፣

«መቼ ይደርሳል?» አለ።

«ነገ።»

«የእውነት ነገ ነው የልብስ ሰፊ ነገ?»

ቀና ብላ አየችው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲለካ የሚውል ሰው አስተያየቱ ሌላ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይሰርቅም። ሳቋ አመለጣት። እሱን ከፊቷ አስቁማ ሻንጣውን እዚያው ሰፍታ ሰጠችው።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላጣም። ዛሬ ቁልፉ ይረግፋል፣ ነገ ኪሱ ይቀደዳል። «ይሄ ሰውዬ ልብሱን የሚያወልቀው በጥርሱ ነው እንዴ?» ትላለች እትዬ ከካውያው ጭስ ውስጥ። ታናሽየዋ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች፤ ጆሮዋ ግን ሲቀላ ይታያል።

ዶክተር እግሩ አያርፍም ነበር። እሑድ እሑድ ጠዋት ከከተማው ይወጣል፣ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። አንዳንዴም በዚያው ድንኳን ተክሎ ያድራል። «አልጋ እያለው ሜዳ ላይ የሚተኛ ሰው» አለች እትዬ፣ «ወይ ዕብድ ነው፣ ወይ የሚሸሸው ነገር አለው።» ታናሽየዋ ግን ከቤት ወደ ስፌት ቤት፣ ከስፌት ቤት ወደ ቤት ከመመላለስ በቀር እግሯን ለምንም ተጠቅማበት አታውቅም። መጀመሪያ ይዟት የወጣ ቀን ተረከዟ ተልጦ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ተንበርክኮ ጫማዋን አወለቀላትና ቁስሏን በፕላስተር ሸፈነላት።

ስለ ረጅሙ መንገድ የነገራት ያን ዕለት ነው። ከከተማው ጀርባ ተነሥቶ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ በጫካው አቋርጦ ባሕር ዳርቻ የሚያደርስ የእግር መንገድ፤ ብዙ ቀን የሚያስኬድ፣ ማታ ማታ ማረፊያ ቤት ያለው።

«ሄደህበታል?»

«አልሄድኩበትም። ለብቻዬ ላየው አልፈለግኩም» አላትና ፊቷን አየ። «ካንቺ ጋር ነው የማየው። ካንቺ ጋር ካልሆነ እግሬን አላነሣም።»

ብዙ ወንድ ብዙ ነገር ይላል። እሷ የተሸነፈችው ግን በዚህች ቃል ነው። ሰው አንድ የሚያምር ነገር ሳያይ ለእሷ ሲያስቀምጥላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ያን ሰሞን ሁለት ሻንጣ ሰፋች፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ። ለእሷ ሻንጣ ገበር የሟች እናቷን ካፖርት ቆረጠችው። እንዳትለብሰው ሰፊ ሆኖባት፣ ለሰው እንዳትሰጠው አንጀቷ እምቢ ብሏት ስንት ዓመት ተሰቅሎ የኖረ ካፖርት ነበር። ከገበሩ የተረፈውን ማንገቻዎቹ ውስጥ አስገባችው፤ እናቷ ትከሻዋን እንድትይዝላት። ይህንንም ነገረችው።

«አንተ ጋ ይቀመጥልኝ፤ እኛ ቤት ጨርቅ እንጂ ቦታ የለም» ብላ ሁለቱንም ሰጠችው።

በዚያ ዓመት ግን መንገዱ አልተሳካም። ሊነሡ ሲሉ ዶክተር ለሥልጠና ተጠራ። አዲስ የመስታወት መቁረጫ ማሽን መጥቷል፣ ሌላ ከተማ ሄዶ መማር አለበት። «ለከርሞ እንሄዳለን፤ ስንመለስ እንጋባለን» አላት። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ አፍንጫው ተላልጦ ነበር። «ሥልጠናው ፀሐይ ላይ ነው እንዴ የተሰጠው?» አለች እትዬ። ሦስቱም ሳቁ። ከሁሉም አብዝቶ የሳቀው እሱ ነው።

ከርሞ ደረሰና መንገዱን ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ ሁለመናዋ አመማት። ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ የማታውቀው ሥጋዋ ሁሉ ስሙን እየጠራ ተነሣባት። ከዚያ ሕመሙ መንገዱን ለመደና ጆሮዋ ተከፈተ። እዚያ «መቼ ይደርሳል?» የሚላት ሰው አልነበረም። ዳገቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ ለዳገት ፈገግ ብለህ «ነገ» አትለውም። ዕድሜዋን ሙሉ ገና ባልመጣ ቀን ውስጥ ስትኖር እንደነበር ገባት። አሁን ዳቦ ስትበላ ዳቦ ትበላለች፣ ስትቀመጥ ትቀመጣለች። ይህን ያስተማራት አጠገቧ የሚሄደው ሰው ነውና ፍቅሯ ባሰ።

እሱም አልሰነፈም። አንድ ተረተር ጫፍ ሲደርሱ ዓይኗን በመዳፉ ሸፍኖ አዞራትና «አሁን ክፈቺ» አላት። ከሥራቸው ሸለቆው በደመና ተሞልቶ፣ ደመናው በጠዋት ፀሐይ ተዘርግቶ ነበር። ዞራ ስታየው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እኔም ገና ማየቴ ነው» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ። ውኃ ሲጠማቸው ደግሞ ቆም ብሎ አየሩን ያሸትና «ከዚያ ቋጥኝ ጀርባ ምንጭ ያለ ይመስለኛል» ይላል። ይገኛል።

«እንዴት አወቅህ?»

«ውኃ ይሸተኛል።»

«የኔ ጉድ» ትላለች፣ እየሳቀች፣ እያመነችው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናብ ሲያባርራቸው ማረፊያ ቤት ገቡ። ቤቱን የሚጠብቁት አንዲት አሮጊት ናቸው። እሱ እንጨት ሊያመጣ ወጣ፤ እሷ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ትከሻዋን ሲያሻት የዋለውን ማንገቻ ገለበጠችው።

ከውስጥ በኩል የእሷ ያልሆነ ስፌት ነበር። ወፍራም ጥቁር ክር፣ በመስቀለኛ ተወስዶ መጨረሻው ላይ ድርብ ቋጠሮ የታሰረ። ሰው የገዛ እጅ ጽሑፉን እንደሚያውቅ እሷም ስፌቷን ታውቃለች። ይህ ሻንጣ ተበጥሶ ያውቃል፤ የበጠሰው ግን የእሷ ትከሻ አይደለም።

አሮጊቷ ሾርባ ይዘውላት መጡና ማንገቻውን አይተው ፈገግ አሉ።

«ያዘልሽ ወይ ስፌቴ?»

«የእርስዎ ነው?»

«አዎን ልጄ። አምና ተበጥሳ መጣች። እኔ ያለኝ የጆንያ መርፌ ነው፤ ውበት የለውም፣ ግን አይለቅም። ምነው፣ ሻንጣዋን ልጅቷ አዋሰችሽ?»

«የቷ ልጅ?»

አሮጊቷ መልስ ሳይሰጡ በሩ ተከፈተ። ዶክተር እንጨቱን ታቅፎ፣ ዝናብ እየተንጠባጠበበት ገባ። እሳቸውም ወደ እሱ ዞር ብለው፣ ሰው ሲመለስላቸው ደስ እንደሚላቸው ሰዎች፣ «ይኸውና! 'እማማ አደራ፣ አጥብቀው ይስፉልኝ፣ ባሕሩ ድረስ ትሂድበት' ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አሉት።

እንጨቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። አንድ አንድ እያለ፣ የሚሰበር ዕቃ ይመስል። አሮጊቷ ገባቸው መሰለኝ፣ የሾርባውን ድስት ይዘው ወደ ጓዳ ሄዱ።

«ማናት?»

«ደንበኛ ነበረች። መነጽር ልታሠራ መጥታ… አልቋል። ያኔውኑ ነው ያለቀው።»

«ሥልጠናው?»

«ሥልጠና አልነበረም።»

«ውኃውም አልሸተተህም።»

አንድ እንጨት አንሥቶ ምድጃው ውስጥ ጨመረ።

«ያ ደመና ላይ ያለቀስከውስ?»

«እሱ የእውነት ነው። ካንቺ ጋር ሳየው የእውነት አለቀስኩ።»

ሊሆን ይችላል። የባሰው ይህ ነው፤ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ተቀምጦልኛል ያለችው ነገር ሁሉ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ተመልሶ ተጠቅልሎ ነው የተሰጣት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ከፈረሱ የወደቀ ግን መሬቱ የት እንዳለ ያውቃል። እሷ ገና እየወደቀች ነበር።

«በከተማው ሻንጣ ጠፍቶ ነው?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የእናቴ ካፖርት መሆኑን እያወቅህ፣ የሌላ ሴት ጀርባ ላይ ስትጭነው ምን አልክ?»

«አላሰብኩትም» አለ።

ማሰቡን ቢነግራት፣ ተጨንቆ፣ ተናንቆት፣ ግን እንዳደረገው ቢነግራት ምናልባት ትቀበለው ነበር። አላሰበውም። ምድጃው ሲንጣጣ ሁለቱም እሳቱን አዩ። ያን ማታ አንድ ጣሪያ ሥር እንደ እንግዳ አደሩ።

ጠዋት ዝናቡ አባርቷል። ሻንጣውን ተሸክሞ በር ላይ ጠበቃት።

«እንመለስ። ቤት ገብተን እንነጋገራለን።»

«አንተ ተመለስ። እኔ ባሕሩን አላየሁትም።»

«ብቻሽን?»

«አንተ አይተኸዋል» አለችና መንገዷን ጀመረች።

አለቀሰች። ዳገት ላይ ማልቀስ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ስለዚህ እየቆመች፣ በተራ አለቀሰች። ያን ጥቁር ክር ልትፈታው ትንሿን መቀስ ስንት ጊዜ አወጣች። ግን ሸክሙን የያዘው ክሩ ብቻ ነው፤ ቢፈታ የእናቷ ካፖርት መንገድ ላይ ይዘረገፋል። መቀሱን መለሰች። ቁልቁለቱ ላይ አንሸራትቷት ሙሉ ክብደቷን ማንገቻው ላይ ስትጥል፣ አሁን ይበጠሳል ስትል፣ አልተበጠሰም።

ባሕሩ ጋ ስትደርስ ዓይኗን የሸፈነላት ሰው የለም። ሰፊ ነው፣ ግራጫ ነው፣ ድምፁ አያቋርጥም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ የቀረቻትን ዳቦ በላች። እዚህ ቢኖር ብላ ተመኘች፤ በመመኘቷም ተናደደች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባች።

ስትመለስ እትዬ ምንም ሳትጠይቅ ፊቷን አየችና ወንበሯን ሳበችላት። የመጀመሪያው ደንበኛ የሱሪ ጨርቅ ይዞ ገባ።

«መቼ ይደርሳል?»

«ከሐሙስ በፊት አይደርስም።»

ሰውዬው ደነገጠ። እትዬ ካውያውን ቁጭ አደረገች። «ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው?» አለች ሰውዬው ሲወጣ።

«እትዬ፣ ነገ የምትለዋ ቃል አፌ ላይ አልመጣልኝ አለች።»

አንዳንዱ ደንበኛ ሄደ። አንዳንዱ ሐሙስ ሲመጣ ሱሪው ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ጠበቀውና ወንድሙን ይዞ ተመለሰ። ምሳዋን ስፌት መኪናው ላይ መብላት ተወች። ወደ ሥራ የምትመጣውም በአቋራጩ አይደለም፤ ከተማውን ዞራ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ነው። ሻንጣዋን መስኮቱ አጠገብ ሰቀለችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶክተር ገባ። ጋዋኑን ለብሷል፤ ከስቷል። የእሱን ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ማንገቻው ተበጥሷል፤ መቀስ የነካው ይመስላል፤ አውቃ አለፈችው። እዚያው ሰፋችው። ሲያያት ታውቃለች፤ ልቧም እንደ ድሮው መታ፣ ልብ መቼ ይሰማል።

ዓይኑ መስኮቱ ጋ ከተሰቀለው ሻንጣ ላይ አረፈ።

«ያንን ስፌት አልፈታሽውም?»

«አልፈታሁትም።»

«ለምን?»

«ስለያዘ።»

ሻንጣውን ተቀበለ፣ ግን አልሄደም። ከኋላ የካውያው ድምፅ ቆሟል። «ከአንቺ ጋር ቁጭ ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ» አለ። «ደስ ባለሽ ቀን። መቼ ልምጣ?»

ያን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመልስ ኖራለች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል፣ በፈገግታ።

«አትምጣ» አለችው ቀስ ብላ።

በሩ ሲዘጋ እትዬ ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ዶክተር መንገዱን ሲሻገር ሁለቱም በመስኮቱ አዩት።

«ነገ ብለሽ ብትሸኚው ምን ነበረበት?» አለች እትዬ።

«ይመጣ ነበራ» አለች፣ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ መርፌዋን እየፈለገች።